የእንጉዳይ ማሟያ ስትገዙ የጠርሙሱን ጀርባ አንብቡ

በሜሪላንድ ለኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ የጤና ቀን የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን ዋላችሁ።

አልማዝ አያና በሪዮ ኦሊምፒክ 10 ሺህ ሜትር ስትሮጥ ብዙዎቻችሁ በቴሌቪዥን አይታችኋታል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 12 ቀን 2016 ነበር። በ29 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ከ45 መቶኛ ሰከንድ ስትገባ፣ ቻይናዊቷ ዋንግ ጁንሺያ በ1993 ያስመዘገበችውን ክብረ ወሰን ከ14 ሰከንድ በላይ አሻሻለችው። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ገንዘቤ ዲባባ በሞናኮ የሰበረችው የ1 ሺህ 500 ሜትር ክብረ ወሰንም የተመዘገበው በዚያው በ1993፣ በዚያው የቻይና ብሔራዊ ጨዋታ፣ በዚያው አሠልጣኝ በሠለጠነች ሯጭ ነበር።

ይህን ያነሣሁት ስለ አሠልጣኙ ስለ ማ ጁንረን ልነግራችሁ ስለፈለግሁ ነው። የድሉ ምስጢር ምን እንደሆነ ጋዜጠኞች ሲጠይቁት፣ ከከባዱ ልምምድ ሌላ ሯጮቹ የኤሊ ደምና በቲቤት ተራሮች የሚገኝ፣ በእሳት ራት እጭ ላይ የሚበቅል እንጉዳይ እንደሚወስዱ ተናገረ። የእንጉዳዩ ስም ኮርዲሴፕስ ነው። ከዚያ ወዲህ ይህ ታሪክ ከማስታወቂያ ወደ ማስታወቂያ እየተሸጋገረ እስከ ዛሬ ይሸጣል፤ «የዓለም ክብረ ወሰን የሰበሩ ሯጮች የወሰዱት» ይላችኋል።

ማስታወቂያው የታሪኩን ቀሪ ግማሽ ይተወዋል። በ2000 ከሲድኒ ኦሊምፒክ በፊት የዚሁ አሠልጣኝ ስድስት ሯጮች በደም ምርመራ ውጤት ምክንያት ከቻይና ቡድን ወጡ። በ2016 ደግሞ ሯጮቹ አበረታች መድኃኒት እንዲወስዱ ይገደዱ እንደነበር የሚገልጽ፣ የእነርሱ ፊርማ አለበት የተባለ ደብዳቤ በቻይና መገናኛ ብዙኃን ወጣ። የእነዚያን ሰዓቶች ምስጋና ለእንጉዳይ የሚሰጥ ሻጭ ይህን ሁሉ መዝለል አለበት።

ሌላም የሚዘለል ነገር አለ። ያ የቲቤት እንጉዳይ ከዱር በእጅ እየተለቀመ በኪሎ በሺዎች በሚቆጠር ዶላር የሚሸጥ ነው። በ25 ዶላር ጠርሙስ ውስጥ ሊገባ አይችልም። በካፕሱሉ ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ በፋብሪካ የሚበቅል ሌላ ዝርያ፣ ወይም ጭራሹን እንጉዳይ ያላወጣ ነጭ የፈንገስ ክር ነው። ሥዕሉ ግን የቲቤቱ ነው።

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልላችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። ጥናት የተሠራበት እንጉዳይ ሌላ፣ እናንተ ገንዘብ የከፈላችሁበት ሌላ ሊሆን ይችላል። እንጉዳይ አይጠቅምም አልልም፤ በፋርማሲ ሙያዬ እንዲህ ማለት አልችልም፤ እውነትም አይደለም። የምጠይቃችሁ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት እንድትለኩ ነው።

ርቀቱ ምን ያህል ሊሆን እንደሚችል ሬሺ ወይም ጋኖደርማ በሚባለው እንጉዳይ ላይ በ2017 የታተመ ጥናት ያሳያል። ተመራማሪዎች እዚሁ አሜሪካ የሚሸጡ 19 የሬሺ ምርቶችን ገዝተው መረመሩ። በጠርሙሱ ላይ ከተጻፈው ጋር የተስማሙት 5 ብቻ ናቸው። እዚህ አዳራሽ ውስጥ ሬሺ የምትወስዱ እናቶች እንዳላችሁ አውቃለሁ። ገንዘባችሁ በላባችሁ የመጣ ነው፤ ስለዚህ ይህ ቁጥር ያናድደኛል።

እንዲህ የሚሆነው ለምንድን ነው? እንጉዳይ ስንል የምናስበው ከመሬት ወይም ከግንድ ላይ የሚወጣውን ባርኔጣ መሳይ አካል ነው። ከሥሩ ግን ማይሲሊየም የሚባል ነጭ ቀጭን ክር አለ። ብዙ አምራቾች ይህን ክር በተቀቀለ ሩዝ ወይም አጃ ላይ ያበቅሉታል። ክሩ እህሉን ሰርጎ ስለሚይዘው ሁለቱን መለየት አይቻልም። ስለዚህ እህሉም ክሩም አብሮ ይደርቃል፣ አብሮ ይፈጫል፣ በካፕሱል ይሞላል። ጤፍ ብላችሁ ከፍላችሁ ሩዝ የበዛበት ዱቄት ቢሰጧችሁ ዝም አትሉም፤ እዚህም ዝም አትበሉ።

አሁን ወደዚህ ጠረጴዛ ተመልከቱ። ሁለት ብርጭቆዎች አሉ። በሁለቱም ውስጥ ዱቄት በውኃ ፈልቶ ቀዝቅዟል። በቀኜ ያለው ደረቅ የሺታኬ እንጉዳይ ገዝቼ ራሴ የፈጨሁት ነው። በግራዬ ያለው ላየንስ ሜን የሚባለው እንጉዳይ ትልቅ ሥዕል ካለበት ጠርሙስ፣ ከካፕሱል የተራገፈ ዱቄት ነው። በሁለቱም ላይ ለቁስል ከምንቀባው አዮዲን ጥቂት ጠብታ አደርጋለሁ። ከኋላ ያላችሁ ቀረብ በሉ።

የቀኙ የአዮዲኑን ቡናማ ቀለም እንደያዘ ቀረ። የግራው ጠቆረ፤ እዩት፣ ሰማያዊ ሆነና ጠቆረ። አዮዲን እንዲህ የሚያጠቁረው ስታርችን ነው። እንጉዳይ ደግሞ እንደ እህል ስታርች አያከማችም። ይህ ጥቁረት የሩዙ ነው። ጠርሙሱን አዙሬ ጀርባውን ባነብላችሁ፣ ሥዕሉ ባለበት ፊት ላይ ያልነበረ ነገር በደቃቅ ፊደል ተጽፏል፦ «ማይሲሊየም፣ በቡናማ ሩዝ ላይ የበቀለ»። አልዋሹም፤ ጽፈውታል። የጻፉት ግን ማንም በማያነብበት ቦታ ነው።

ቤታችሁ ሄዳችሁ ይህን ሙከራ ብታደርጉ አንድ ነገር ልብ በሉ። አዮዲን የሚነግራችሁ ስታርች መኖሩን ብቻ ነው። ያልጠቆረ ሁሉ ጥሩ ነው ማለት አይደለም፤ ማልቶዴክስትሪን የሚባል ርካሽ መሙያ የተጨመረበትም እንዲህ ላይጠቁር ይችላል። የሬሺ ከሆነ ምላስም ይረዳል። ሬሺ በተፈጥሮው መራራ ነው፤ ካፕሱሉን ከፍታችሁ ስትቀምሱት ጨርሶ የማይመርር ከሆነ ጠርጥሩ።

ጠርሙሱ ላይ የምትፈልጉት ቁጥር ቤታ ግሉካን የሚለው ነው። አብዛኛው የእንጉዳይ ጥናት የሚያተኩረው በዚህ ንጥረ ነገር ላይ ነው። ብዙ ጠርሙሶች ግን «ፖሊሳካራይድ 40 በመቶ» ይላሉ። ፖሊሳካራይድ ማለት ከብዙ ስኳሮች የተያያዘ ንጥረ ነገር ሁሉ ነው፤ ቤታ ግሉካንም የሩዝ ስታርችም ፖሊሳካራይድ ናቸው። እህል በበዛ ቁጥር ይህ ቁጥር ከፍ ሊል ይችላል ማለት ነው፤ ገዢውም ከፍ ያለውን ቁጥር አይቶ የተሻለ መረጠ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ቤታ ግሉካኑንም ስታርቹንም ለየብቻ የሚጽፍ አምራች ስታገኙ፣ ቢያንስ ለመመዘን ፈቃደኛ የሆነ ሰው አግኝታችኋል። «ከአሥር ኪሎ አንድ ኪሎ የወጣ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ስለ ውስጡ ምንም አይናገርም።

ስለ ጥናቶቹ ደግሞ እንነጋገር። ላየንስ ሜን ለማስታወስ ችሎታ ይጠቅማል የሚሉ ሻጮች የሚጠቅሱት በ2009 በጃፓን የታተመ ጥናት ነው። ጥናቱ እውነተኛ ነው። ዕድሜያቸው ከ50 እስከ 80 የሆነ፣ መጠነኛ የመርሳት ችግር ያለባቸው 30 ያህል ሰዎች ተሳተፉ። ግማሾቹ በቀን 3 ግራም ገደማ የእንጉዳዩን ዱቄት ለ16 ሳምንታት ወሰዱ፤ በፈተናውም የተሻለ ውጤት አገኙ። መውሰዱን ካቆሙ ከ4 ሳምንታት በኋላ ግን ውጤታቸው ወረደ። አሁን እጃችሁ ላይ ያለውን ጠርሙስ እዩ። በቀን ስንት ግራም ይላል? አንድ ግራም ከሆነ፣ እርሱም ከሩዝ ጋር የተፈጨ ከሆነ፣ ያ ጥናት ስለ እናንተ ጠርሙስ የተናገረው ነገር የለም። ደግሞም 30 ሰው ጥቂት ነው፤ ተስፋ ይሰጣል እንጂ አያረጋግጥም።

ካንሰርን በተመለከተ ድምፄን ከፍ ባደርግ ይቅርታ አድርጉልኝ። ጃፓን በ1977 ተርኪ ቴይል ከሚባለው እንጉዳይ የወጣ ፒኤስኬ የተባለ መድኃኒት አጽድቃለች፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን በሐኪም ትእዛዝ፣ ከካንሰር ሕክምናው ጋር ተጨምሮ ይሰጥ የነበረ፣ በአንድ ወጥ መንገድ የተዘጋጀ መድኃኒት ነው። በሱቅ መደርደሪያ ላይ ያለው ካፕሱል እርሱ አይደለም። ሬሺን የሚመለከቱ የካንሰር ጥናቶችን የመረመረው፣ ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት ያወጣው ግምገማም ያገኘው በድምሩ 373 ሰዎች የተሳተፉባቸው 5 ሙከራዎችን ነበር፤ ሬሺ ዋና ሕክምና ሊሆን የሚችልበት በቂ ማስረጃ የለም ብሎ ደመደመ። ከሕክምናው ጎን ለጎን ሊታሰብ ይችላል አለ። ሕክምናውን ተክቶ አላለም። ኬሞቴራፒ ትታችሁ ይህን ጠጡ የሚላችሁ ሰው፣ ዘመድም ቢሆን፣ የንስሐ አባትም ቢሆን፣ በሕይወታችሁ ላይ እየፈረደ ነው።

ሕጉ ይጠብቀናል ብለን አንቀመጥ። በ1994 በወጣው የአሜሪካ ሕግ መሠረት የምግብ ማሟያ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት (ኤፍዲኤ) መሥራቱንና ደኅንነቱን መርምሮ አያጸድቀውም። ሻጩ «በሽታ ይፈውሳል» ማለት አይችልም፤ «የበሽታ መከላከያ አቅምን ይደግፋል» ማለት ግን ይችላል። ይህን ሲል ኤፍዲኤ አባባሉን እንዳልገመገመውና ምርቱ በሽታን ለማከም እንዳልታሰበ አብሮ እንዲጽፍ ይገደዳል። «በኤፍዲኤ የተመዘገበ ፋብሪካ» የሚለውም ፋብሪካው ተመዝግቧል ማለት እንጂ ምርቱ ጸድቋል ማለት አይደለም።

በመካከላችን የሚሸጠው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከሱቅ አይመጣም። የጋኖደርማ ቡና በኔትወርክ ግብይት፣ በጓደኛ፣ በአክስት ልጅ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ በምናገኛት እኅት እጅ ይመጣል። እምቢ ማለት ይከብዳል፤ ይሉኝታ አለ። ሻጯም ብዙ ጊዜ ከልቧ ታምናለች፤ ራሷ ገንዘቧን አስገብታበታለች። እርሷን አታሳፍሯት። ነገር ግን በእያንዳንዱ ፓኬት ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም ጋኖደርማ እንዳለ ጠይቋት። ካላወቀች፣ ፓኬቱም ላይ ከሌለ፣ የምትገዙት በውድ ዋጋ ፈጣን ቡና ነው። ቡና ደግሞ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም።

አሁን ወደ አደጋው ልምጣ። ሬሺ እንደ ዋርፋሪን ካሉ የደም ማቅጠኛ መድኃኒቶች ጋር ሲወሰድ የደም መፍሰስን ሊያባብስ ይችላል፤ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት ለምትወስዱም ኃይሉ ከመድኃኒታችሁ ኃይል ጋር ሊደራረብ ይችላል። የሬሺ ዱቄት ሲወስዱ ቆይተው ጉበታቸው የተጎዳ ሰዎች በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግበዋል። ቻጋ የሚባለው ጥቁር እንጉዳይ ሲበዛ ኩላሊትን የሚጎዳ ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገር ይበዛበታል። በጃፓን የ72 ዓመት ሴት በቀን ከ4 እስከ 5 የሻይ ማንኪያ ዱቄቱን ለስድስት ወር ወስደው ኩላሊታቸው ከሥራ ውጭ ሆኗል። የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ ቻጋን አትንኩ።

ለአባት ለእናት በሻንጣ የምትልኩትን አደራ አስቡበት። አዲስ አበባ የሚደርሰው ጠርሙስ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በኩልም አላለፈም። እናት «ልጄ ከአሜሪካ የላከችልኝ መድኃኒት» ብለው የሐኪማቸውን እንክብል ሊተዉ ይችላሉ። ከላካችሁ ስሙን፣ የዕለት መጠኑንና «የሐኪምዎን መድኃኒት እንዳያቋርጡ» የሚለውን በአማርኛ ጽፋችሁ ጠርሙሱ ላይ ለጥፉ። ዋርፋሪን ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ግን ጨርሶ አትላኩ።

ጠርሙስ ይዛችሁ የመጣችሁ ወደዚህ ጠረጴዛ አምጡልኝ። የምትወስዱትንም የሐኪም መድኃኒት ስም ጽፋችሁ ያዙ፤ ጀርባውን አብረን እናነብባለን፣ ለሐኪማችሁ ምን እንደምትሉም እጽፍላችኋለሁ። እስከዚያው ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።