ረከቦቱ በማን ቁመት ነው?

[ምስል፦ ካሜራው ወለሉ አጠገብ ነው። የሶፋ እግር፣ ቀጤማ፣ ረከቦት፣ ከሰል የያዘ ማንደጃ ይታያል።]

ጤና ይስጥልኝ። ምስሉ ዝቅ ያለባችሁ ካሜራዬ ወድቆ አይደለም። ከወለሉ 70 ሳንቲሜትር ላይ አስሬዋለሁ። ዓመት ከምናምን የሆነው፣ ድክ ድክ የሚል ልጅ ዓይኑ እዚህ ላይ ነው። እስቲ ከዚህ ሆናችሁ ቤቱን እዩት። ለእኛ እግራችን ሥር ያለው ሁሉ ለእሱ እጁ ላይ ነው።

ስለ ልጆች የቤት ውስጥ አደጋ የሚሠሩት ቪዲዮዎች አብዛኞቹ የውጭ ናቸው። የመሳቢያ መቆለፊያ ግዙ፣ የመዋኛ ገንዳችሁን አጥሩ ይላሉ። መልካም ምክር ነው፤ ገንዳ ላለው። እኛ ግን ቡና የምናፈላው መሬት ላይ፣ ልብስ የምናጥበው መሬት ላይ፣ ውኃ የምናጠራቅመውም መሬት ላይ ነው።

[ምስል፦ ጀበና ከማንደጃ ሲወርድ፣ ቀረብ ተደርጎ]

ጀበናን ልብ ብላችሁ አይታችሁታል? ቂጡ ክብ ነው፣ ያለ ማቶት አይቆምም። አንገቱ ረዘም ያለ፣ እጀታው ወደ ውጭ የወጣ። መራመድ የጀመረ ልጅ ደግሞ ሚዛኑን ሲስት የቀረበውን ነው የሚጨብጠው። ማንደጃ ላይ የተጣደ ጀበና አፉ የልጁ ደረት ጋ ይደርሳል። ስለዚህ ሲጎትተው የሚፈስሰው እግሩ ላይ ብቻ አይደለም፤ ደረቱ፣ ሆዱና ክንዱ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውኃ የሚፈላው 100 ዲግሪ ሳይደርስ 92 ገደማ ላይ ነው። ለልጅ ግን ይኼ ምንም ለውጥ አያመጣም። ቆዳው ከእኛ የሳሳ ነው፤ 60 ዲግሪ የሞቀ ውኃ እንኳ በጥቂት ሰከንድ በጥልቀት ያቃጥለዋል። እኛ «በርዷል» ብለን ፉት የምንለው ሲኒም ለምላሳችን እንጂ ለእሱ ቆዳ አልበረደም።

እኔ ይህን የተማርኩት አንብቤ አይደለም። ልጄ አንድ ዓመት ከሁለት ወሩ ነበር። እሑድ ነው፣ ጎረቤት ተጠርቷል፣ ቤቱ ሞልቷል። ከዚያ በፊት መቶ ጊዜ «ኡፍ ነው፣ ያቃጥላል!» ብዬዋለሁ። እሱም እጁን እያራገበ «ኡፍ» ይለኛል። ገባው ብዬ ነበር። ለካ የገባው ቃሉ ነው። አቦሉ ተጠጣ፣ ለቶናው ውኃ ላመጣ ወደ ኩሽና ገባሁ። ሳሎን ውስጥ ስድስት ትልቅ ሰው አለ፤ ሁሉም ሌላው ያየዋል ብሎ ተቀምጧል። ጩኸቱን ሰምቼ ስመለስ ጀበናው ቀጤማው ላይ ተንከባሏል፣ ማቶቱ ባዶውን ቀርቷል።

ግራ ክንዱ ነበር። አንዷ ጎረቤቴ የጥርስ ሳሙና ይዛ መጣች። ታች ፎቅ ያሉት እማማ «ቅቤ፣ ልጄ፣ ቅቤ ቀቢው!» ይላሉ። እንቁላል ስበሩ ያለም ነበር። ሁሉም ከልባቸው ነው። እኔ ግን ክንዱን ሳፋ ላይ ይዤ ከጀሪካን ውኃ በኩባያ እየቀዳሁ ማፍሰስ ጀመርኩ።

[ምስል፦ ውኃ በክንድ ላይ ሲፈስ። ጥጉ ላይ ሰዓት ይቆጥራል።]

ምክንያቱ ይሄ ነው። ትኩሱ ነገር ከተነሣ በኋላም ሙቀቱ ቆዳው ውስጥ ሆኖ ወደ ታች ማቃጠሉን ይቀጥላል። ቅቤውም፣ የጥርስ ሳሙናውም፣ እንቁላሉም ያን ሙቀት ከድኖ ያስቀረዋል፤ ቁስሉንም ለጀርም ያጋልጠዋል፤ ሐኪም ቤት ስትደርሱ ደግሞ ተፍቆ መነሣት አለበት። ሙቀቱን የሚያወጣው የሚፈስ ቀዝቃዛ ውኃ ነው፣ ለ20 ደቂቃ። በግምት ሳይሆን በሰዓት፤ ልጅ እየጮኸ 20 ደቂቃ እንደ ግማሽ ቀን ነው የሚረዝመው። በረዶ አይሆንም፣ ቆዳውን ራሱ ይጎዳዋል። ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ፣ የተጠራቀመውን ቀስ እያላችሁ ደጋግማችሁ አፍስሱ። ሌላው ሰውነቱ እንዳይበርደው ሸፍኑት። የረጠበውን ልብስና አምባር ካለ ቶሎ አውልቁ፤ ቆዳው ላይ የተጣበቀ ጨርቅ ግን አይላጥ። ውኃ ያጠራቀመውን እብጠት አታፍርጡ። ንጹሕ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ ሂዱ። ቃጠሎው ከልጁ መዳፍ ከበለጠ፣ ወይም ፊት፣ እጅ፣ ብልት ወይም መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ «እስከ ነገ እንየው» የሚባል ነገር የለም። አዲስ አበባ ውስጥ የካቲት 12 ሆስፒታል የቃጠሎ ሕክምና ክፍል አለው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥር 907 ነው።

እማማ እስካሁን «ቅቤውን ብትቀቢው ኖሮ ያቺ ምልክት አትቀርም ነበር» ይሉኛል። አልከራከርም።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ቡና ሲፈላ አንድ ሰው በስም ይመደባል። «ልጁን እዩት» አይባልም፤ «አቤል፣ ከሰሉ እስኪወጣ ድረስ ያንተ ነው» ይባላል። ካልሆነ ማንደጃው ኩሽና ገብቶ በሩ ይዘጋል። ሥርዓቱ ይጎድላል የሚል እንግዳ መጥቶብኝ ያውቃል። ይጉደል። የሦስት ዓመት ነገር ነው፣ ልጁ ሲያድግ ቀጤማውም ረከቦቱም ይመለሳል።

ከሰሉን ካነሣን አይቀር፦ «ለሙቀት» ብላችሁ የጋየውን ማንደጃ የተዘጋ መኝታ ቤት እንዳታስገቡ። የሚገድለው ጋዝ ሽታ የለውም።

[ምስል፦ መታጠቢያ ቤት። ግማሽ ውኃ የያዘ ባልዲ።]

ቅድም በጀሪካን ያመሰገንኩት ውኃ፣ ባልዲ ውስጥ ሲሆን ሌላ ነገር ነው። የትንሽ ልጅ ክብደቱ ወደ ላይ ነው፣ ጭንቅላቱ ከሰውነቱ አንጻር ትልቅ ነው። ባልዲ ውስጥ ያየውን ለማንሣት ሲያጎነብስ በጭንቅላቱ ይገባል፣ ራሱን መልሶ የማውጣት ጉልበት ደግሞ ገና የለውም። አፍና አፍንጫውን የሚሸፍን ጥቂት ሳንቲሜትር ውኃ ይበቃል። ይጮኻል ብላችሁ አትጠብቁ፣ አፉ ውኃ ውስጥ ነው። ውኃ ካጠራቀማችሁ ክዳን ባለው ጀሪካን ይሁን፤ ሳፋው ልብስ እንዳለቀ ይደፋ። የመታጠቢያ ቤቱ በር ከላይ በኩል መቀርቀሪያ ይኑረው።

[ምስል፦ ሁለት ሃይላንድ ጎን ለጎን። አንዱ ውኃ፣ አንዱ ላምባ።]

የቱ ነው ላምባው? እኔም አልለየሁትም፤ ያወቅሁት አሽትቼ ነው። ልጅ አያሸትም፣ ይጠጣል። ሃይላንድ ማለት ለእሱ ውኃ ነው፣ እኛው ነን ያስተማርነው። በሊትር ተቀድቶ የሚመጣ በረኪናም እንደዚሁ። ላምባና በረኪና በመጠጥ ዕቃ አይቀመጥ፣ ለአንድ ማታም ቢሆን።

ከጠጣ ደግሞ ጣት ከትታችሁ አታስታውኩት። ላምባ ከሆድ ይልቅ የሚያስፈራው ሳንባ ሲገባ ነው፤ ሲያስመልሰው ነው ወደ ሳንባ የሚሄደው። በረኪናም ሲወርድ ያቃጠለውን ጉሮሮ ሲመለስ ደግሞ ያቃጥለዋል። «ወተት ያረክሰዋል» ብላችሁም አትጋቱት። ልብሱ ላይ ከፈሰሰ አውልቁና ቆዳውን እጠቡ፣ ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ሐኪም ቤት። አሁን ደህና ቢመስልም ሂዱ፣ ሳሉና ትንፋሽ ማጠሩ ከሰዓታት በኋላ ሊመጣ ይችላል።

ቡና ቁርሱን ረስቼው። ቆሎና ለውዝ ልጁ አምስት ዓመት እስኪሞላው ሙሉውን እንዳለ አይሰጥ። አንቆት መሳልም ማልቀስም ካቃተው ወደ ፊት አዘንብላችሁ በትከሻዎቹ መካከል በመዳፋችሁ አምስት ጊዜ ምቱት። ካልወጣ፣ ዓመት ላለፈው ልጅ ከኋላ አቅፋችሁ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ ወደ ውስጥና ወደ ላይ አምስት ጊዜ ግፉ፤ ዓመት ላልሞላው ግን ሆዱ አይነካም፣ የሚገፋው ደረቱ መሐል ላይ ነው። እስኪወጣ እያፈራረቃችሁ። የማይታያችሁን ነገር በጣት አትፈልጉ፣ ወደ ውስጥ ትገፉታላችሁ።

[ምስል፦ ካሜራው ወደ ሶፋው ሥር ይጠጋል።]

ቆይ፣ ካሜራውን ሳላነሣ። ሶፋው ሥር የሚያብረቀርቀው ታያችሁ? የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ናት፣ ከሚዘፍነው መጫወቻ ወጥታ መሆን አለበት፤ ክዳኑ ብሎን የለውም ነበር። ልጅ ውጦ ጉሮሮው ላይ ከቆመች በሁለት ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ልታቃጥለው ትችላለች። ስንት ቀን እዚያ እንደተቀመጠች እንጃ፤ እኔ ቆሜ ነበራ የምጠርገው።

ላንሣት፣ መጣሁ።