ማክሰኞ አሥር ሰዓት

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራውም ስለ ብቸኝነት ነው፤ ግጥምጥሞሹን እዩልኝ።

እንደምታውቁት ያለሁት ለንደን ነው። ማክሰኞ ከሆቴል ሥራዬ የማርፍበት ቀን ነው። በየማክሰኞው አሥር ሰዓት ላይ፣ በእኛ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ስልክ እደውላለሁ። የምደውለው ሰሜን እንግሊዝ ላሉ የ84 ዓመት ሽማግሌ ነው። በአካል አይቻቸው አላውቅም። ግማሽ ሰዓት እናወራለን። በቃ ይኸው ነው። ደሞዝ የለውም፤ የበጎ ፈቃድ ሥራ ነው።

እዚህ አገር ይሄ የተለመደ ነገር ነው። በደንብ የሚታወቀው ሲልቨር ላይን የሚባለው የአረጋውያን የስልክ መስመር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2013 ያቋቋሙት የቴሌቪዥን ጋዜጠኛዋ ኤስተር ራንትዘን ናቸው። ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቤቱ እንዴት ጭር እንዳለባቸው በጋዜጣ ጽፈው ነበር። መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2018 የብቸኝነትን ጉዳይ የሚከታተል ሚኒስትር ሾመ። ይህን ስነግራት እማዬ ሳቀች። "ለብቸኝነትም ሚኒስትር?" አለችኝ።

እኔ ያለሁበት ድርጅት ሌላ ነው፤ ስሙን አልጠራም፤ ላማው ስለሆነ። ፎርም ሞልቼ፣ የወንጀል ሪከርድ ማጣሪያውን አልፌ የመጀመሪያውን ስልክ እስክደውል አራት ወር ፈጀብኝ። ማጣራቱ ያስፈልጋል፤ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌን ለማንም አትሰጥም። ግን አራት ወር! ከወዲያ በኩል እኮ ስልክ የሚጠብቅ ሰው አለ።

የመጀመሪያው ቀን ደግሞ ጉድ ነበር። ጥያቄዎቼን በወረቀት ጽፌ ተቀመጥኩ። መድኃኒትዎን ወሰዱ? ምሳ በሉ? ልጆች አሉዎት? እሳቸው "አዎ"፣ "አዎ"፣ "አንድ" ብቻ። ስድስት ደቂቃ ሳይሞላ ወረቀቴ አለቀ። ከዚያ ሁለታችንም ዝም። ማንቆርቆሪያው ሲያፏጭ ይሰማኛል። ኢሚግሬሽን የደወለላቸው ሳይመስላቸው አልቀረም።

ስማቸውም አስቸግሮኝ ነበር። በስሜ ጥሪኝ ይላሉ። አያቴ የሚሆኑ ሰው! ምላሴ እንቢ አለ። አሁን ለምጄዋለሁ፤ በልቤ ግን ጋሼ ናቸው። ለእናንተም ጋሼ ይሁኑ፤ እውነተኛ ስማቸውን መናገር አይፈቀድልኝም።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ወረቀቱን ጣልኩትና ዕድሜያቸውን ሙሉ ምን ሲሠሩ እንደኖሩ ጠየቅኳቸው። አቤት! ባቡር ምልክት ሰጪ ነበሩ ለካ። ከሀዲዱ ዳር፣ ዙሪያዋን መስኮት በሆነች ክፍል ውስጥ፣ ሌሊቱን ሙሉ ብቻቸውን። ከጎረቤት ክፍል ካለው ባልደረባቸው ጋር የሚነጋገሩት በደወል ነው። ሁለት ጊዜ ከተደወለ ባቡሩ ወደ አንተ ገብቷል ማለት ነው። ባቡር ልላክ ወይ ብሎ ከመጠየቅ በፊት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይደወላል። ከወዲያ ያለውም አንድ ጊዜ ደውሎ ይመልሳል።

"ያ አንዱ ደወል ምን ማለት ነው?" አልኳቸው።

"ልብ በል እንደማለት ነው" አሉኝ። እኔ ግን በአማርኛ ነው የሰማሁት። አለህ? አለሁ።

ከዚያ ወዲህ ምክር መስጠት ተውኩ። ብዙ ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ ብቸኛን ሰው ለማጽናናት ልዩ ትምህርት የሚያስፈልግ ይመስለዋል። ለንደን ውስጥ ቄስ ቻድ ቫራ እ.ኤ.አ. በ1953 ተስፋ የቆረጡ ሰዎችን የሚያዳምጠውን ድርጅት፣ ሳማሪታንስን፣ ሲጀምሩ እሳቸውም አማካሪው እኔ ነኝ ብለው ነበር። ሻይ እያቀረቡ ተረኛውን የሚያጫውቱ በጎ ፈቃደኞች ነበሯቸው። ብዙው ሰው ከእነሱ ጋር ካወራ በኋላ ቄሱን ሳያገኝ ቀለል ብሎት ይሄዳል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሥራውን ለነዚያ በጎ ፈቃደኞች አስረከቧቸው። ቴክሳስ ውስጥ በኮቪድ ጊዜ የተደረገ ጥናትም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ነው የወጣው። ከ17 እስከ 23 ዓመት የሆናቸው 16 ወጣቶች አጭር ሥልጠና ወስደው ምግብ በየቤታቸው ለሚደርሳቸው ሰዎች ይደውሉ ነበር። ጥናቱ ውስጥ 240 ሰው ገብቷል፤ ግማሹ ተደወለለት፣ ግማሹ አልተደወለለትም። በአራት ሳምንት ውስጥ የተደወለላቸው ሰዎች ብቸኝነት፣ ድብርትና ጭንቀት ቀነሰ። ደዋዮቹ ሐኪም አይደሉም፤ ወሬውንም የሚመሩት የተደወለላቸው ናቸው።

በእኔ አስተያየት ግን ወሬው ግማሹ ብቻ ነው። አንድ ማክሰኞ ባቡር ውስጥ ተይዤ ሃያ ደቂቃ ዘገየሁ። ስደውል ገና አንዴ ሳይጠራ አነሱት። "ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ቴሌቪዥኑን ዘግቼ ተቀምጫለሁ" አሉኝ። "ፂሜንም ተላጭቼ።" ለስልክ! ማን ያያቸዋል? የዚያን ቀን ነው የገባኝ። የእኔ ግማሽ ሰዓት እሳቸው ቤት የሚጀምረው ጠዋት መስታወት ፊት ነው። ሰው የሚጠብቀው ነገር ሲኖረው ቀኑ ቅርጽ ይይዛል። ከዚያ ወዲህ አንድ ደቂቃ አልዘገየሁም።

ወደ ራሴ ልምጣ። እማዬ የድሮ ሰፈሯ ፈርሶ ኮንዶሚኒየም ገብታለች፤ እድርተኛው በየአቅጣጫው ተበትኗል። እኛ አገር ሰው ብቸኛ አይሆንም የሚሉ ሰዎች አራተኛ ፎቅ ላይ ጉልበቷን የሚያማት ሴት አያውቁም። እኔ ደግሞ ስደውል የነበረው ትዝ ሲለኝ ነው። ስለዚህ ስልኩ በጮኸ ቁጥር "ምነው ልጄ፣ ምን ሆንሽ?" ነው የምትለኝ፤ መርዶ ይመስላታል። ለማላውቃቸው ሽማግሌ ቀጠሮ አክብሬ፣ ለእናቴ ግን እንደ ዝናብ ነበርኩ።

እና እሁድ ከቅዳሴ መልስ ብዬ ሰዓት ቆረጥኩ። "እንደ ቢሮ ቀጠሮ ያዝሽልኝ?" ብላ አሾፈችብኝ። ከወር በኋላ እህቴ ምን ብትነግረኝ ጥሩ ነው? ጎረቤቷ ቡና ስትጠራት "ስልክ አለብኝ" ብላ ትቀራለች አሉ። ኧረ እንዲህስ አይሆንም! ሰዓቱን ወደ ማታ ቀየርኩት።

ባለፈው ማክሰኞ ለጋሼ ስደውል ጉንፋን ይዟቸው ድምፃቸው ተዘግቷል። "ዛሬ ማውራት አልችልም" አሉኝ። "እሺ፣ ይረፉ" ብዬ ልዘጋ ስል አንድ ነገር ሰማሁ። በማንኪያ መሰለኝ ኩባያቸውን አንድ ጊዜ፣ ጭል፣ አደረጉት።

እኔም በእጄ የነበረውን እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አንድ ጊዜ መታሁት።

በሉ፣ ሳምንት እንገናኝ።