የዶቃ ሰፊዋ ልጅ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ ቅዳሜያችሁን ለልጆቻችን የሰጣችሁ መምህራን፣ እናንተም ልጆች፤ እንኳን ለትምህርት ዘመኑ መዝጊያ በሰላም አደረሰን።

አዘጋጆቹ «ስለ አንዲት እናትና መምህርት ተናገሪ» ሲሉኝ ከእኛው መካከል አንዷን እንደምመርጥ የጠበቁ ይመስለኛል። እኔ ግን ይዤላችሁ የመጣሁት የጣሊያን ልጅ ነው። ከፊት የተቀመጡት አባቶች ፊታቸው ሲለወጥ ይታየኛል፤ ትንሽ ታገሡኝ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በ1984 ለአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንትነት የታጨችው ጄራልዲን ፌራሮ የተወለደችው ኦገስት 26 ቀን 1935 በኒውዮርክ ግዛት፣ በሀድሰን ወንዝ ዳር ባለችው በኒውበርግ ከተማ ነው። የሙሶሊኒ ጦር ኦክቶበር 3 ቀን መረብን ሲሻገር 38 ቀኗ ነበር። በእኛ ሥርዓት ቢሆን ክርስትና እንኳ ያልተነሣች ጨቅላ ናት፤ ማንን ትበድላለች? አባቷም ከኔፕልስ በስተሰሜን ካለችው ከማርቺያኒዜ ተነሥተው በስደት አሜሪካ የገቡ ሰው ነበሩ። ስደት ምን እንደሆነ በዚህ አዳራሽ ለማንም ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እኔ በዚህ ከተማ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ። የሴትዮዋን ስም መጀመሪያ ያየሁት በፖለቲካ መጽሐፍ ውስጥ አይደለም፤ የኒውዮርክ ከተማ ክፍል በሆነችው በኩዊንስ ውስጥ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ሕንፃ ላይ ነው። ቤት ገብቼ ማንነታቸውን ሳነብ ግን ከልጅቷ ይልቅ የያዘችኝ እናትየዋ ሆነች፤ ወይዘሮ አንቶኔታ።

ወይዘሮ አንቶኔታ ልጅ ቀብረው ልጅ የወለዱ እናት ናቸው። ጄራርድ የሚባል የሦስት ዓመት ልጃቸው በመኪና አደጋ ሞተባቸው። ከእርሱ በኋላ ሴት ልጅ ተወለደች። በእኛ አገር ቢሆን ምትኬ ወይም ካሣነሽ ትባል ነበር። እነርሱ የሟቹን ስም ራሱን ወደ ሴት አዙረው አወጡላት፤ ጄራርድ የነበረው ጄራልዲን ሆነ። ምትኬ የሚባሉ ሰዎች እዚህ ካላችሁ፣ በሌላ ሰው ስም ውስጥ መኖር ምን እንደሚመስል ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ልጅቱ ስምንት ዓመት ሲሞላት አባቷ በልብ ሕመም ድንገት ሞቱ። ኑሮው ወረደ። ወይዘሮ አንቶኔታ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ኒውዮርክ ከተማው ሳውዝ ብሮንክስ ሰፈር ገቡና ልብስ ስፌት ሥራ ያዙ። ሥራቸው ዶቃ መሥራት ነበር፤ በሙሽራ ቀሚስና በምሽት ልብስ ላይ ዶቃ በክር እየያዙ አንድ በአንድ መስፋት። ጥልፍ የምትጠልፉ እናቶች በዚህ ሥራ ዓይንም ወገብም ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ሌላው የሚዳርበትን ቀሚስ እያሳመሩ የራሳቸውን ልጅ ያስተምሩ ነበር። ዘመዶች ዝም አላሉም። ሴት ልጅ ናት፣ መልኳ ያማረ ነው፣ ነገ ታገባለች፣ ኮሌጅ ምን ያደርግላታል አሉ። ይህን ምክር እኔም ከዘመዶቼ ሰምቼዋለሁ። እናንተም ሳትሰሙት አልቀራችሁም። ወይዘሮ አንቶኔታ ሰሙና ወደ ዶቃቸው ተመለሱ።

ለልጃቸው ደጋግመው የሚነግሯት ነገር ነበር፦ ስምሽን አትርሺ፤ ፌሮ ማለት ብረት ነው፤ ይጎብጣል እንጂ አይሰበርም። ፌራሮ የሚለው ስም የመጣው ከብረት ሠሪ ሙያ ነው። እኛ ያንን ባለሙያ «ቀጥቃጭ» እያልን ስንንቅ ኖርን፤ እነርሱ የቤተሰብ መጠሪያ አደረጉት። ይህን በቅንፍ ያዙልኝ።

ልጅቷ በነፃ የትምህርት ዕድል ኮሌጅ ገባች፤ በ1956 ተመርቃ ኩዊንስ ውስጥ፣ አስቶሪያ፣ ሁለተኛ ክፍል ማስተማር ጀመረች። እንግዲህ ከዚህ በኋላ «አንቱ» ልላቸው ነው፤ በእኛ ወግ ጠመኔ የያዘ ሰው አንቱ ይባላል።

ሁለተኛ ክፍል ያስተማረ ያውቀዋል። የአንዱ ጥርስ ይወልቃል፣ የአንዷ የጫማ ክር ይፈታል፣ ሁለቱ ይኳረፋሉ፤ ያን ቀን መደመር የሚባል ነገር የለም። ቀኑን እንዲህ ውለው ማታ ማታ ፎርድሃም ዩኒቨርሲቲ ሕግ ይማሩ ነበር። ለሕግ ትምህርት ሲያመለክቱ አንድ ኃላፊ፣ የወንድ ቦታ እንደሚወስዱ እንዲያውቁት ነግሯቸዋል። በ1960 ሲመረቁ በክፍሉ ከነበሩት ሁለት ሴቶች አንዷ ነበሩ። በዚያው ዓመት አገቡ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። ባለቤታቸው ዛካሮ ይባላሉ። ሴትዮዋ ግን በሥራቸው ፌራሮ እንደተባሉ ቀሩ። ይህ ለእኛ ምን ይደንቃል? የኢትዮጵያ ሴት አግብታ የአባቷን ስም አትጥልም። በዚያን ጊዜዋ አሜሪካ ግን የባልን ስም አለመያዝ ምክንያት የሚጠየቅበት ነገር ነበር። ምክንያታቸው እናታቸው ናቸው፤ ያቺ ዶቃ የሰፋች እጅ ያስተማረችው ፌራሮ የተባለውን ልጅ ነውና ስሙ የእርሷ ምስጋና ይሁን አሉ። ነገሩ የኋላ ኋላ የሚያስቅ ሆነ። በ1984 ጋዜጦችና ተቃዋሚዎች «ወይዘሮ ፌራሮ» እያሉ ሲጠሯቸው፣ በሥርዓቱ ከተሄደ ወይዘሮ ፌራሮ እናትየዋ ነበሩ!

ሦስት ልጆች ወለዱ። ልጆቹ ከፍ እስኪሉ አብዛኛውን ጊዜ ቤት ነበሩ፤ ዐቃቤ ሕግ ሆነው ኩዊንስ ውስጥ የተቀጠሩት በ1974 ነው። የተመደቡበት ክፍል የተደፈሩ ሴቶችን፣ የተደበደቡ ሕፃናትንና አረጋውያንን ጉዳይ የሚይዝ ነበር። ሕፃን ሲዋሽና ሕፃን ሲፈራ ያለውን ልዩነት መለየት የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠው ዕውቀት አይመስለኝም፤ ከክፍል ይዘውት የሄዱት ይመስለኛል። ደመወዛቸው ከወንዶቹ እንደሚያንስ ሲያውቁ ጠየቁ፤ ባል አለሽ ተባሉ። ለቀቁ። በ1978 ተወዳድረው የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አባል ሆኑ።

ጁላይ 19 ቀን 1984 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ፣ ከዴሞክራቶቹ የፕሬዚዳንት ዕጩ ከዋልተር ሞንዴል ጋር ለምክትል ፕሬዚዳንትነት መታጨታቸውን ተቀበሉ። ከሁለቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ለዚህ ቦታ የታጨች የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። የጣሊያን ስደተኛ ልጅ መሆናቸውን የተናገሩት እዚያው መድረክ ላይ ቆመው ነው። ከዚያ በኋላ በሚሲሲፒ አንድ የግዛቱ የግብርና ኃላፊ «ብሉቤሪ ማፊን መጋገር ትችያለሽ?» ብሎ ጠየቃቸው። እንግሊዝኛ አንቺና አንቱ የለውም እንጂ ጥያቄው በአንቺ ነበር። «አዎን፣ እችላለሁ። እርስዎስ?» አሉት።

ከሁሉ የምወደው ግን በዚያው ዓመት ኦክቶበር 11 ፊላደልፊያ ላይ የተደረገውን ክርክር ነው። ተከራካሪያቸው፣ ያኔ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩት ጆርጅ ቡሽ፣ አባትየው ማለቴ ነው፣ በኢራን ጉዳይና በሊባኖስ በተጠቃው የአሜሪካ ኤምባሲ ጉዳይ መካከል ያለውን ልዩነት ላስረዳዎት ብለው ጀመሩ። መምህርቷ መለሱ፦ ስለ ውጭ ጉዳይ ሊያስተምሩኝ እንደሚገባ አድርገው ከላይ ሆነው ሲያዩኝ ቅር ሊለኝ ምንም አልቀረው። «ምንም አልቀረው» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ይህ የክፍል ውስጥ አነጋገር ነው። ልጁ ቀልቡን እስኪሰበስብ ድረስ ቁጣው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። እኔ ይህን ቅጂ ለሥራ ባልደረቦቼ ስንት ጊዜ እንዳሳየሁ አልቆጠርኩትም።

ምርጫውን ተሸነፉ፤ ሞንዴል ያሸነፉት በትውልድ ግዛታቸው በሚኒሶታና በዋሽንግተን ዲሲ ብቻ ነው። እንደ ጻድቅ ላቀርባቸውም አልመጣሁም። የባለቤታቸው የንግድና የግብር ጉዳይ በዘመቻው መካከል ብዙ አነጋግሯል። በ2008 ስለ ባራክ ኦባማ የተናገሩት ደግሞ፣ እዚህ የደረሰው ጥቁር በመሆኑ ነው የሚል መንፈስ ያለው ንግግር፣ እኔን አሳዝኖኛል፤ ጥቁር ልጆች ለማሳድግ እናት የሚዋጥ አይደለም። የወንድ ቦታ ወሰድሽ የተባለ ሰው ያንን መናገር አልነበረበትም። ይህን ሳልጠቅስ ማለፍ ግን ለልጆቻችን የተቀባ ሥዕል መስጠት ይሆንብኛል።

በ1998 በደም ካንሰር ተያዙ። ሦስት ወይም አምስት ዓመት ይኖራሉ ተብለው ከአሥር ዓመት በላይ ኖሩ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሴኔት ፊት ቀርበው ስለ በሽታው ተናገሩ፤ አዲሶቹ መድኃኒቶች ገንዘብ ያለውን ብቻ እንዳያድኑ ጠየቁ። በ2002 ስለ ደም ካንሰር ምርምር በወጣው ሕግ ውስጥ በስማቸው የተሰየመ ፕሮግራም አለ፤ ሥራው ሕዝቡን ስለ በሽታው ማስተማር ነው። ሕጉን የፈረሙት ፕሬዚዳንት ማን እንደሆኑ ልንገራችሁ? የዚያ የፊላደልፊያው ተከራካሪ ልጅ ናቸው፤ ትንሹ ቡሽ።

ማርች 26 ቀን 2011 ቦስተን ላይ አረፉ፤ 75 ዓመታቸው ነበር። ያ ስማቸውን ያየሁበት የኩዊንስ ሕንፃ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው፤ ዛሬም ሁለተኛ ክፍል የሚማሩ ልጆች በየጠዋቱ በስማቸው ሥር ያልፋሉ። ብረት ከሚለው ስም ሥር።

ንግግሬ አልቋል፤ ቀጥሎ የምስክር ወረቀት ይሰጣል። አዘጋጆቹን ለምኜ አንድ ነገር አስለውጫለሁ፤ መጀመሪያ የሚወጡት ሁለተኛ ክፍሎች ናቸው። ልጆች፣ ማይክሮፎኑን ይዛችሁ ስማችሁን በአማርኛ ንገሩን፤ ትርጉሙንም ጨምሩ። ትርጉሙን የማያውቅ እናቱን ይጠይቅ። እናቶች፣ እባካችሁ ወደ ፊት ቀረብ በሉ፤ ከኋላ ሆናችሁ አትሰሙም።