ቀስ ብሎ መሮጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አመሻችሁ?

ርእሱ ሩጫ ነው ሲባል የሳቃችሁ አላችሁ። ጅማ የቡና አገር እንጂ የሯጭ አገር መቼ ሆነች? እውነት ነው፣ ብዙ ሯጮች የወጡባት በቆጂ ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ የእኛ ከተማ ከእሷ በጣም ዝቅ ትላለች። ቢሆንም የጅሬንን ዳገት እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በሩጫ የሞከረ ሰው ትንፋሽ ማጠር ምን እንደሆነ አይጠፋውም።

ቅዱስ ጳውሎስም ስለ ሯጭ የጻፈው ሩጫን ለሚያውቁ ለቆሮንቶስ ሰዎች ነው። ከቆሮንቶስ አጠገብ በየሁለት ዓመቱ ውድድር ይደረግ ነበር። አሸናፊው የቅጠል አክሊል ይደፋለታል። ለሚጠፋ አክሊል ይህን ያህል ሰውነታቸውን ከገዙ እኛስ ለማይጠፋው? ይላል ሐዋርያው።

እኔ ዛሬ ማውራት የፈለግሁት ግን ስለ ውድድሩ ቀን አይደለም። ስለ ልምምዱ ነው። የረጅም ርቀት ሯጭ አብዛኛውን ልምምዱን የሚሠራው ቀስ ብሎ ነው፤ ከጓደኛው ጋር እያወራ መሮጥ በሚችልበት ፍጥነት። ልብ የሚጠነክረው፣ ለጡንቻ ደም የሚያደርሱት ቀጫጭን ሥሮች የሚበዙት እንዲህ ነው። ወራት ይፈጃል። የሚያጨበጭብም የለም። ጀማሪ ይህ አይገባውም። ሰኞ ተነሥቶ ይፈተለካል፣ ሐሙስ ጉልበቱን ይዞ ይቀመጣል።

እኛስ? ዐቢይ ጾም ሲገባ ስግደቱን፣ ዳዊቱን፣ ኪዳኑን፣ ቅዳሴውን ሁሉ በአንዴ እንይዛለን። ደብረ ዘይት ላይ፣ ገና በጾሙ እኩሌታ፣ ማን ቀረ? ንስሐ አባታችን ጥቂት ሲያዙን ደግሞ ቅር ይለናል፤ አቅማችንን የናቁ ይመስለናል። እሳቸው እኮ እንደ ጥሩ አሠልጣኝ ናቸው። የምንጨርሰውን ነው የሚሰጡን። ለዓመት የምትቆይ አጭር ጸሎት ከሳምንት ወኔ ትበልጣለች ባይ ነኝ።

ሌላው ነገር፣ የእኛ ሯጮች ልምምድ የሚሠሩት በቡድን ነው። አንዱ ይመራል፣ ሌላው እግሩን እያየ ይከተላል፣ ከዚያ ይቀያየራሉ። የአበበ ቢቂላን የ1960 የሮም እና የ1964 የቶኪዮ ድል ሁላችንም እናወራለን። የ1968ቱን የሜክሲኮ ማራቶን ግን ብዙ አናነሣም። አበበ እግሩን ታሞ ነበር፤ 17ኛው ኪሎ ሜትር አካባቢ አቋረጠ። ማሞ ወልዴ ቀጠለና ወርቁን ለኢትዮጵያ አመጣ። አበበ ስላቋረጠ ጀግንነቱን የነጠቀው አለ? ማንም።

እዚህ ላይ ግን ምሳሌው አይሞላም። በሜዳው ሩጫ ኋላ የቀረውን ብትጠብቅ ትቀደማለህ። በእኛ ሩጫ መጠበቅህ ራሱ ሩጫ ነው። ጳውሎስም በእስር ሆኖ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ሩጫውን ጨርሻለሁ አለ፤ ሌሎችን ቀደምሁ አላለም።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከመካከላችን ከፋሲካ ወዲህ የጠፉ ልጆች አሉ። ታውቋቸዋላችሁ። ዛሬ ማታ ደውሉላቸው። «የት ጠፋህ?» ብላችሁ አትጀምሩ፣ ያሸማቅቃል። «እሑድ ቅዳሴ ስሄድ በእናንተ በር አልፋለሁ፣ አብረን እንሂድ» በሉት። እምቢ ካለም በሚቀጥለው ሳምንት ደግማችሁ ደውሉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።