የሎሪ አንደርሰን ደጋን

ሰላም ለሁላችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ወሬው ስለ አሜሪካዊቷ አርቲስትና ሙዚቀኛ ሎሪ አንደርሰን ነው፤ ይበልጡን ግን ስለ ዕቃዎቿ። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ኦክቶበር 1981 ላይ በእንግሊዝ የሙዚቃ ሰንጠረዥ ሁለተኛ የወጣ «ኦ ሱፐርማን» የሚባል አንድ ዘፈን ነበር። ርዝመቱ ከ8 ደቂቃ ያልፋል። የከበሮ ምት የለውም። የሚጨፈርበትም አይደለም። ዘፋኟ አንደርሰን ያኔ የ34 ዓመት ሴት ናት፤ ኒው ዮርክ ውስጥ ከሙዚየምና ከጋለሪ ሰዎች ውጭ ብዙም የሚያውቃት አልነበረም። ጋዜጠኞች ያኔ «ድንገት» አሉት። እኔ «ድንገት» የሚለው አይዋጥልኝም። ከዚያ በፊት አሥር ዓመት ሙሉ ዕቃ ስትሠራ ነበር፤ ዕቃዎቿንም ስታዩ አንድ ነገር ይደጋገማል፦ ሥራው የት ላይ እንደሚያበቃ የሚወስነው ዕቃው ራሱ ነው።

መነሻዋ ቅርጻ ቅርጽ ነው። በ1972 ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ሙያ ማስተርሷን ያዘች፤ ቫዮሊኑን ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ተምራዋለች። እዚያው ዓመት ቬርሞንት ውስጥ የመኪና ጥሩምባዎችን እንደ ኦርኬስትራ አሰልፋ ኮንሰርት አቀረበች። እሱን እንለፈው፤ ቀልዱ ከሙዚቃው ይበልጣል።

ከዚያ በረዶው መጣ። በ1974 እና በ1975 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ በኋላም ጣሊያን ጄኖዋ ጎዳና ላይ፣ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ አድርጋ ትቆም ነበር። የጫማው ስለት በረዶ ብሎክ ውስጥ ገብቶ ቀዝቅዟል፤ መንሸራተት የለም፣ መቆም ብቻ። ቫዮሊኑ ሆድ ውስጥ ትንሽ ስፒከር አለ፤ ከውስጥ የተቀዳ ቫዮሊን ይጫወታል፣ እሷ በላዩ ላይ በእጇ ትጫወታለች። አንድ መሣሪያ ሁለት ሙዚቀኛ ሆነ ማለት ነው። የተቀዳው በሉፕ፣ ማለትም መጨረሻው ከመጀመሪያው ተያይዞ፣ የሚዞር ስለሆነ ማለቂያ የለውም። ስለዚህ ሰዓት ያስፈልጋል፤ ሰዓቱ በረዶው ነው። ቀልጦ ሚዛኗን ስትስት ኮንሰርቱ አለቀ።

ይህን መሞከር የሚፈልግ ሰው ሁለት ነገር ይጠብቀው። ብረት ሙቀት ያስተላልፋል፤ ብሎኩ ገና ወፍራም ሆኖ ሳለ ስለቱ ዙሪያ ያለው በረዶ ቀድሞ ይላላል፣ እግርም መወዛወዝ ይጀምራል። ሌላው ስፒከሩ ነው። ስፒከር ባለበት ቫዮሊን ላይ ማይክ ለጥፋችሁ ድምፁን መልሳችሁ ወደዚያው ስፒከር ከላካችሁት ይፎጫል። የተቀዳው ድምፅ በራሱ መስመር ይምጣ፣ የእጁ ድምፅ ደግሞ በእንጨቱ ብቻ ይሰማ።

አሁን ወደ ደጋኑ እንምጣ። ብዙ የምቆየው እዚህ ነው።

በ1977 ቦብ ቢየሌትስኪ ከሚባል የድምፅ መሐንዲስ ጋር የቴፕ ደጋን ቫዮሊን ሠራች። የማሲንቆም የቫዮሊንም ደጋን በፈረስ ጭራ እንደሚወጠር ታውቃላችሁ። ጭራውን አወጣችውና በቦታው ድምፅ የተቀዳበት የቴፕ ክር ወጠረች። ቫዮሊኑ ላይ ደግሞ አውታሮቹን የሚሸከመው ብሪጅ በሚቆምበት ቦታ ከቴፕ ማጫወቻ የሚወጣውን ሄድ፣ ድምፁን ከክሩ የሚያነበውን ክፍል፣ አስቀመጠች። ደጋኑን ስትስበው ክሩ ሄዱን እያሻሸ ያልፋል፤ ቫዮሊኑም ይናገራል።

ቁጥሩን እንሥራው። የቫዮሊን ደጋን ፀጉር 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። በትልቁ የቴፕ ጥቅል፣ በሪል ላይ፣ በሴኮንድ 19 ሴንቲ ሜትር ፍጥነት ከቀዳችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ 3.4 ሴኮንድ ንግግር ይይዛል። በ38 ሴንቲ ሜትር ከቀዳችሁ 1.7 ሴኮንድ፤ አንድ ቃል፣ ቢበዛ ሦስት። ተራ የካሴት ክር ብትወጥሩ ግን ፍጥነቱ በሴኮንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ ከ13 ሴኮንድ በላይ ይይዛል። ብዙ ስለያዘ የተሻለ እንዳይመስላችሁ። ቃሉ በትክክል እንዲሰማ ደጋኑን 13 ሴኮንድ ሙሉ እኩል አድርጎ መሳብ ያስፈልጋል፤ እንደዚያ ሲዘገይ የክንድ መንቀጥቀጥ በሙሉ ድምፁ ላይ ይታያል። እጅ በተፈጥሮው ከዚያ ይፈጥናልና ንግግሩ የወፍ ጫጫታ ይሆናል። ፍጥነቱን እጥፍ ስታደርጉት ድምፁ አንድ ኦክታቭ፣ ማለትም ከ«ዶ» እስከ ቀጣዩ «ዶ»፣ ይወጣል፣ በግማሽ ስትቀንሱት አንድ ኦክታቭ ይወርዳል። ቃናውን የሚያወጣው ጣት ሳይሆን ክንድ ነው።

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ፣ ክሩ ሁለት ፊት አለው፤ ማግኔት የተቀባው ፊት ካልሆነ ሄዱን የሚነካው የታፈነ ነገር ነው የምትሰሙት። ሁለተኛ፣ የሄዱ አቀማመጥ። ክሩ በቀጥታ ካላለፈበት መጀመሪያ የሚጠፉት ቀጫጭኖቹ ድምፆች ናቸው፤ «ስ» እና «ሽ» ይሞታሉ፣ ተናጋሪው ብርድ ልብስ ውስጥ ያለ ይመስላል። ሦስተኛ፣ ከክሩ የሚራገፈው ቡናማ ዱቄት ሄዱ ላይ ይለጠፋል፤ በአልኮል የራሰ ጥጥ ከጎን ይቀመጥ። አራተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፦ ከሄዱ የሚወጣው ሲግናል በጣም ደካማ ነው፣ ወፍራሙ ድምፅ ደግሞ ከቀጭኑ ይበልጥ ይደክማል። ጊታር አምፕ ላይ በቀጥታ ከሰካችሁት የቀጠነና የሚያንጫርር ነገር ይወጣል። ደካማውን ሲግናል የሚያጎላ የቴፕ ፕሪአምፕ ያስፈልጋል፤ ከአሮጌ ማጫወቻ ሄዱን ስትነቅሉ ቦርዱንም አብራችሁ ውሰዱት። ገመዱ አጭርና መከላከያ ሽፋን (ሺልድ) ያለው ይሁን፣ አለበለዚያ የመብራቱ 50 ኸርትዝ ጉምጉምታ ይገባል። ክሩን ደግሞ ማግኔት በያዘ መቀስ አትቁረጡት።

ይህ ሁሉ ዕቃ ነው። ጥበቡ ያለው መመለሻው ላይ ነው። ደጋን ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ሲመለስ ቃሉ ተገልብጦ ይወጣል። አንደርሰን ሲገለበጡም ትርጉም ያላቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት ፈለገች፦ «ኖ» የሚለው ሲመለስ «ዋን» ለሚለው የቀረበ ነገር ይሆናል። እምቢታው ሲሄድ፣ ቁጥሩ ሲመለስ።

በአማርኛስ? እዚህ ላይ ፊደላችን ያሳስተናል። «ላም» ብላችሁ ቅዱና ገልብጡት። በወረቀት ላይ ሲታሰብ «ምላ» የሚወጣ ይመስላል። ክሩ ግን ፊደል አይቆጥርም፤ ተነባቢውንም አናባቢውንም ለየብቻ ነው የሚመልሰው፣ የምትሰሙትም «ማል» ነው። «ላስ» ሲመለስ «ሳል» ይሆናል። «ሳም» ሲመለስ «ማስ»። አንዱን ቃል ሳሙት፣ ሲመለስ አካፋ ይሰጣችኋል። የቅኔ ጆሮ ያለው ሰው ከዚህ ብዙ ማውጣት ይችላል። ምርጫው ግን ከለስላሶቹ ይሁን፦ ም፣ ል፣ ን፣ ስ። «ጥ»፣ «ቅ»፣ «ጭ» ላይ ድምፁ የሚፈነዳው ከአፍታ ዝምታ በኋላ ነው፤ ሲገለበጥ ፍንዳታው ቀድሞ ዝምታው ይከተላል፣ የሚሰማውም የተዋጠ ነገር እንጂ ፊደል አይደለም።

ድምፅ ማወፈሩን ባጭሩ። ሃርሞናይዘር በሚባለው መሣሪያ የራሷን ድምፅ አውርዳ የወንድ ድምፅ አደረገችው፤ የባለሥልጣን ድምፅ ትለዋለች። መሣሪያው ቃናውን ብቻ ሳይሆን የጉሮሮውንም መጠን ያሳድገዋል፣ ስለዚህ ሰውየው ግዙፍ ይመስላል። አንድ ሙሉ ኦክታቭ ካወረዳችሁት ግን ቃላቱ ይላቆጣሉ፤ ሦስት አራት ኖታ ይበቃል።

እንግዲህ ዘፈኑ። «ኦ ሱፐርማን» በ«ሀ» ይጀምራል፣ ቃል በቃል። አንድ «ሀ» ብላ ሃርሞናይዘሩ ላይ በሉፕ አዞረችው፣ ከዚያ ከ8 ደቂቃ በላይ አይቆምም። ከበሮውም ሰዓቱም እሱ ነው። በላዩ የሚፈራረቁት ሁለት ኮርዶች ናቸው፦ ኤ ፍላት ሜጀርና ሲ ማይነር። ፒያኖ ያላችሁ ሞክሩት። ሦስት ሦስት ኖታ ናቸው፣ ሁለቱን ኖታዎች ይጋራሉ። የሚንቀሳቀሰው አንዱ ብቻ ነው፣ እሱም በግማሽ ቃና። አንድ ጣት በአንድ ቁልፍ ሲቀየር ደስታው ወደ ሐዘን ይዞራል። ከዚህ ያነሰ ወጪ ያለው ሐዘን አላውቅም።

ድምፅዋ የሚያልፈው ንግግርን ለኪቦርድ ድምፅ በሚያለብሰው መሣሪያ፣ በቮኮደር ነው። ቮኮደር ሁለት ግብዓት አለው፦ ማይክና ኪቦርድ። ቁልፍ ካልተጫናችሁ ብትጮሁም ምንም አይወጣም፤ ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ «ተበላሸ» የሚለው ለዚህ ነው። ትንፋሽ ያላቸው ፊደላትም ይደክማሉ፣ ስለዚህ ከጥሬው ድምፅ የቀጭኑን ክፍል ብቻ ትንሽ ጨምሩበት። «ሀ»ዋን በስልክ ወይም በኮምፒውተር የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ከፊቷ ያለውን ትንፋሽ ቁረጡት፣ መጀመሪያና መጨረሻዋን 5 ሚሊ ሴኮንድ ያህል አለስልሱት፤ አለበለዚያ በየዙሩ «ጭ» ትላለች፣ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ደግሞ ከ«ጭ»ዋ ሌላ የሚሰማ የለም።

የዘፈኑ መነሻ የፈረንሳዊው አቀናባሪ የማስኔ «ለ ሲድ» ኦፔራ ውስጥ ያለ ጸሎት ነው፤ የጦር መሪው ሽንፈት ፊቱ ቆሞ ሲጸልይ። አሜሪካዊው ቴነር ቻርልስ ሆላንድ ሲዘፍነው ሰምታ ነው የያዛት። በዚያን ጊዜ ደግሞ ቴህራን ውስጥ የታገቱትን አሜሪካውያን ለማስለቀቅ ኤፕሪል 1980 የተላከው ጦር በረሃ ላይ ከሽፎ፣ አንድ ሄሊኮፕተር ከአውሮፕላን ተጋጭቶ 8 ወታደሮች ሞተው ነበር። ቴክኖሎጂ ላይ የተጣለ እምነት አሸዋ ውስጥ ሲቃጠል አየች። ዘፈኑ ግን ሄሊኮፕተር አይጠራም፤ የስልክ መልስ መስጫ ማሽን፣ እናት፣ እና የሚመጡ አውሮፕላኖች ናቸው ያሉት።

ሸክላው የታተመው ከአሜሪካ ብሔራዊ የኪነ ጥበብ ፈንድ በተገኘ 500 ዶላር፣ ዋን ቴን በምትባል ትንሽ አሳታሚ ነው፤ በፖስታ ይሸጥ ነበር። የመጀመሪያው ኅትመት 1,000 ገደማ። ከዚያ ጆን ፒል በቢቢሲ ሬዲዮ ደጋግሞ አጫወተው፤ ከእንግሊዝም ትእዛዝ መጣ፦ 40,000 በአስቸኳይ፣ ሌላ 40,000 ደግሞ ተከታትሎ። ሸክላ እንደ ፎቶ ኮፒ አይደለም። የሚመታበት የብረት ማተሚያ ሺህ ገደማ ከመታ በኋላ ይደክማል፣ ሌላ ማውጣት ያስፈልጋል፤ ለፋብሪካው ገንዘቡ የሚከፈለው ሽያጩ ከመግባቱ በፊት ነው። ትናንሽ አሳታሚዎችን የሚገድላቸው ውድቀት ብቻ አይደለም፣ እንዲህ ያለ ስኬትም ነው። እሷ ከትልቁ አሳታሚ ከዎርነር ብራዘርስ ጋር ፈረመች። ከጋለሪ ወዳጆቿ «ተሸጠች» ያሉ አልጠፉም። ሂሳቡን ላየ ሰው ግን 80,000 ሸክላ ከቤት በፖስታ አይላክም።

በ1982 ዘፈኑ ያለበት አልበም ወጣ። ፌብሩዋሪ 1983 ብሩክሊን አካዳሚ ኦፍ ሚዩዚክ ላይ «ዩናይትድ ስቴትስ» የተባለውን ሥራዋን በሁለት ምሽት ከፍላ አቀረበች፤ 8 ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ አራት ክፍል ነው፣ ለዓመታት ክፍል በክፍል ስትሠራው የቆየችው። በ1986ቱ ፊልሟ ደግሞ የከበሮ ማሽን ፈታታ ልብሷ ውስጥ ሰፋችው፤ ሰውነቷን ስትመታ ከበሮ ይሰማል። ለዚህ ልብስ በረዶም ደጋንም አያስፈልግም፣ የቀረው ሰውነትና ገመድ ነው። ይህን ልብስ ለሌላ ቀን አቆየዋለሁ፤ ላብና የኤሌክትሪክ ገመድ ብቻውን አንድ ሰዓት ያስወራል።

እስከዚያው እንደ «ላም» እና «ማል» ተገልብጠው ትርጉም የሚሰጡ ቃላት ካገኛችሁ ቀድታችሁ፣ ገልብጣችሁ ላኩልኝ። በጽሑፍ አይሆንም፣ በድምፅ። «ጥ» ያለበትን ግን አልቀበልም።