ከድምፅ ወደ ድምፅ የሚሻገር ቅስት

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ሁለት ምሽት ስለወሰደብኝ፣ በሙዚቃ ኖታ ላይ ስለሚሣል አንድ ቅስት ነው።

ለጀማሪ የፒያኖ ተማሪዎች በትዝታ ሜጀር፣ ማለትም በዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል እና ላ፣ አጭር መልመጃ በሊሊፖንድ እጽፍ ነበር። በመጀመሪያው ባር፣ ማለትም በመጀመሪያው የኖታ ክፍልፋይ፣ ቀኝ እጅ ዜማውን ብቻውን ይጫወታል፤ በሁለተኛው ባር ግን ትንሿ ጣት ሶልን ይዛ ስትቆይ፣ ዜማው ከሥሯ ሚ፣ ሬ፣ ዶ እያለ እስከ አውራ ጣት ይወርዳል። ተማሪው ሁለቱን ባሮች ሳይቆርጥ አያይዞ እንዲጫወት፣ ስለር የምንለው ቅስት ከመጀመሪያው ኖታ ተነሥቶ ዶ ላይ ማረፍ ነበረበት።

ሊሊፖንድ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ፣ ኖታን በመዳፊት ሳይሆን በጽሑፍ የምናዝበት ፕሮግራም ነው። ስለር ሲጀምር ቅንፍ እንከፍታለን፣ ሲያልቅ እንዘጋለን። እኔም ከፍቼ ዘጋሁ። ፕሮግራሙ ግን የተጀመረው ስለር አልተጠናቀቀም፣ የሚዘጋውም መነሻ የለውም ብሎ አስጠነቀቀኝ፤ ገጹም ያለ ቅስት ወጣ።

ነገሩ ወዲህ ነው። በሊሊፖንድ ስለር የሚሣለው በአንድ ድምፅ፣ ማለትም ራሱን ችሎ በሚሄድ አንድ የኖታ መስመር፣ ውስጥ ነው። የሁለተኛውን ባር ሁለት ድምፆች፣ ሶልንና ዜማውን፣ በተለመደው አጭር መንገድ፣ በሁለት ያዘነበሉ ሰረዞች ስለያቸው፣ ሁለቱም አዲስ ድምፅ ሆነው ይፈጠራሉ፤ በመጀመሪያው ባር ቅንፉን የከፈተው ድምፅ እዚያው ይቀራል። በመዳፊት ኖታ በምንጽፍበት በሚውዝስኮር ፕሮግራም ቢሆን የመጀመሪያውን ኖታ መርጦ፣ ኮንትሮልን ይዞ የመጨረሻውን ነክቶ፣ ኤስን መጫን ይበቃ ነበር። በመጀመሪያው ምሽት የተደበቁ ኖታዎች የያዘ ሦስተኛ ድምፅ ጨምሬ ቅስቱን በእነርሱ ላይ አሳለፍኩት። ገጹ አማረ፤ በሚዲ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ኖታውን በሚያጫውትበት ፋይል፣ ሳዳምጠው ግን የተደበቁት ኖታዎች ከዜማው ጋር ተደርበው ይሰማሉ።

በማግሥቱ ስህተቱ የእኔ መሆኑ ገባኝ። በመዘምራን ልምድ ከላይ ያለውን ሁሉ አንደኛ ድምፅ ማለት ስለለመድኩ፣ ተይዞ የሚቆየውን ሶል የዜማው ባለቤት አድርጌው ነበር። ዜማው ግን ከሥር የሚወርደው ነው፤ ሶል እንግዳ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ባር ድምፅ ሳይቋረጥ እንዲቀጥል፣ ከኖታዎቹ ራስ የሚወጡት ዘንጎችም ወደ ታች እንዲዞሩ አዘዝኩና ለሶል ብቻ አዲስ ድምፅ ከፈትኩለት። ማስጠንቀቂያው ጠፋ።

ቅስቱ ግን ወደ ታች የዞሩትን ዘንጎች አይቶ ወደ ላይ ስለወጣ ከሶል ጋር ተጋጨ። ከመጀመሪያው ኖታ በፊት ስለርዳውን፣ ማለትም ቅስቱ ወደ ታች ይሁን፣ ብዬ ጻፍኩ፤ ከዜማው ሥር ገብቶ ዶ ላይ አረፈ።