ከወርቁ ይልቅ ነሐሱ፦ ስለ ሊዲያ ላሲላ

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት በቫንኩቨሩ የ2010 የክረምት ኦሊምፒክ የኤሪያልስ ስኪ አሸናፊ ስለነበረችው አውስትራሊያዊት ሊዲያ ላሲላ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው። እኔን ደጋግሞ ወደ እርሷ የሚመልሰኝ ግን ያ ወርቅ ሳይሆን፣ ከ4 ዓመት በኋላ በሶቺ ያገኘችው ነሐስ ነው።

ስፖርቱ ለብዙዎቻችን እንግዳ ስለሆነ በጥቂቱ ላስረዳ። ተወዳዳሪዋ ስኪዋን (የበረዶ መንሸራተቻዋን) ተጫምታ በሰዓት ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ወይም ከዚያም በሚበልጥ ፍጥነት ተንደርድራ፣ ሽቅብ ከተገነባ የበረዶ መወጣጫ ላይ ወደ አየር ትወነጨፋለች፤ እዚያው አየር ላይ እየተገለበጠችና በራሷ ዙሪያ እየተሽከረከረች ቆይታ ቁልቁለቱ ላይ በእግሯ ማረፍ ይጠበቅባታል። ዳኞች ከሚሰጡት ነጥብ ግማሹ ለአካል አቋሟ፣ 30 በመቶው ለአስተራረፏ፣ ቀሪው 20 በመቶ ለአነሳሷና ለከፍታዋ ሲሆን፣ ውጤቱ በዝላዩ የክብደት መጠን፣ ማለትም ዝላዩ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ በሚያሳይ ቁጥር፣ ይባዛል። ቀላሉን መርጦ አሳምሮ መጨረስ ወይም ከባዱን መርጦ የመውደቅን ዕዳ መቀበል እንግዲህ የተወዳዳሪዋ ውሳኔ ነው።

ሊዲያ የሜልበርን ልጅ ናት፤ ያደገችውም ጂምናስቲክ እየሠራች ነው። አውስትራሊያውያን አሠልጣኞች፣ አየር ላይ ሰውነቱን ማዘዝ የሚችል ሰው ስኪውን በኋላ ይማረዋል ብለው ጂምናስቲክ የሠሩ ሴቶችን ይመለምሉ ነበር። በ2002 በሶልት ሌክ ሲቲ የሀገሯ ልጅ አሊሳ ካምፕሊን ወርቁን ስትወስድ ሊዲያ 8ኛ ወጣች። በ2006 በቱሪን ደግሞ ቀደም ሲል በቀዶ ጥገና የተጠገነው ጉልበቷ በማጣሪያው ላይ ስታርፍ ዳግም ተጎዳ። (ኢትዮጵያ በሮቤል ተክለማርያም አማካይነት ለመጀመሪያ ጊዜ በክረምት ኦሊምፒክ የተሳተፈችው በዚያው በቱሪን ስለነበር፣ የከተማዋ ስም ለእኛ የሚያስታውሰን ሌላ ነገር ነው።) ከዚያ ጉዳት ተነሥታ በቫንኩቨር በሁለት ዝላይ 214.74 ነጥብ በመሰብሰብ ቻይናዊቷን ሊ ኒናን ቀደመች።

በ2011 ልጅ ወለደች። ወርቅም ልጅም ያላት ሴት ወደዚያ መወጣጫ የምትመለስበት ምክንያት ብዙ አይመስልም፤ እርሷ ግን አንድ ዝላይ ቀርቷት ነበር። ይህም ሦስት ጊዜ እየተገለበጡ አራት ጊዜ የሚሽከረከሩበት፣ የክብደት መጠኑ 4.425 የሆነ፣ እስከዚያ ድረስ ወንዶች ብቻ ይወዳደሩበት የነበረ ዝላይ ነው።

በሶቺ የመጨረሻው ዙር ላይ አራት ሴቶች ሲቀሩ የቀድሞው ነጥብ ሁሉ ተሰርዞ አንድ ዝላይ ብቻ ነበር ሜዳሊያውን የሚወስነው። ሊዲያ ያንኑ ዝላይ መረጠች። ግልበጣውንም ሽክርክሪቱንም በአየር ላይ ጨርሳ ስኪዋ መሬት ቢነካም፣ ሚዛኗን መጠበቅ ሳትችል ቀረች። 72.12 ተሰጣት። የቤላሩሷ አላ ሱፐር በ98.01 አንደኛ፣ ቻይናዊቷ ሹ ሜንግታኦ በ83.50 ሁለተኛ ሆኑ።

ቀለል ያለውን ብትሠራ ኖሮ ሁለተኛ ወርቅ ታገኝ ነበር የሚል ሰው አይጠፋም፤ ስሌቱንም አልክደውም። እኔ የምለው፣ እንዲህ ያለውን ምርጫ ቀደም ብሎ የተገኘው ወርቅ ሳያቀልላት አልቀረም ነው። ሜዳሊያ የሌላት፣ የሚቀጥለው ዓመት ድጋፏ በውጤቷ የሚወሰን ልጅ፣ አራት ሽክርክሪት ልሞክር ብትል ድፍረቷን ከማድነቃችን በፊት ማን ይከፍልላታል ብለን መጠየቅ ነበረብን።

ሱፐርን ተመልከቱ። እርሷም እናት ነበረች፣ አምስተኛ ኦሊምፒኳ ነበር፣ እስከዚያ ምሽት ድረስም አንድ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ አልነበራትም። የምትችለውን መርጣ ንጹሕ አድርጋ ማረፏን ፍርሃት ብሎ መጥራት ለእኔ ግፍ ነው። ሊዲያ ደግሞ ሁለተኛ ልጇን ከወለደች በኋላ በ36 ዓመቷ በ2018 ወደ ፒዮንግቻንግ ሄዳ 14ኛ ሆነች፤ ወደ ፍጻሜው የሚያልፉት 12 ብቻ ነበሩ።